ፎቶ አታንሺኝ ያሉኝ ሴት

«ፎቶ አታንሺኝ» ብሎ የከለከለ ሰው ሲሞት፣ ክልከላው አብሮት ይቀበራል ወይስ እኛ ዘንድ ይቀራል? ጥያቄውን ለንስሐ አባቴ አቅርቤው አላውቅም። መጻሕፍት ገልብጬ መልስ ፈልጌለታለሁ፤ አላገኘሁም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያነሳሁትን ፎቶ አላጠፋሁትም፤ አላጠፋውምም።

ሥራዬ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጠበቅ ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቀን እየሠራሁ፣ ማታ እየተማርኩ። ከዚያ በፊት ሰው ቤት ነበርኩ። አሠሪዎቼ ወፍራም የሠርግ አልበም ነበራቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው ሲያገባ ሦስት ቀን ጎኔን ሳላሳርፍ ያስተናገድኩት እኔ ነኝ። በዚያ አልበም ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አለሁ፤ ከሙሽሮቹ ጠረጴዛ በስተግራ ትሪ የያዘ ክንድ ይታያል፣ ከክርኑ በላይ ተቆርጧል። አልበሙ ለእንግዳ ሲገለጥ ሻይ ይዤ ጎናቸው እቆማለሁ። «ይቺ የሷ እጅ ናት» ያለ ሰው አንድም ቀን አልሰማሁም። አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው።

ስለዚህ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ሥራውን ከተወ የሠርግ ፎቶ አንሺ ላይ አሮጌ ካሜራ ስገዛ፣ ምን ማንሳት እንደምፈልግ አልጠፋኝም። ሙሽራ አላነሳም። ቅዳሜ ቅዳሜ በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በየዛፉ ሥር ሙሽሮች ተራ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ፤ እኔ የማነሳው የቬሎውን ጫፍ ጭቃ እንዳይነካው ይዛ ከኋላ የምትሮጠውን ሴት ነው። ከዚያ በእግሬ ወደ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። አንድ ሕግ አለኝ፤ ፊት የሌለበት እጅ አላነሳም። እጁ የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ የሰውየው ፊት ከሌለበት ይቅርብኝ። ቤት ስገባ ቀኑን፣ ቦታውንና ብርሃኑ ከየት በኩል እንደመጣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ለጊዜ ማሳለፊያ የምሠራው ነገር አይደለም።

ሰፈሩ ግን ካሜራ የያዘች ሴት አይወድም። የታክሲ ረዳቶቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ይጀምራሉ።

«እናት፣ እኔን አንሺና ውጭ ላኪኝ።»

«ለቲክቶክ ነው?»

«አይደለም» እላለሁ።

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለራሴ።»

«ለራሷ ነው አለች» ብሎ ላልሰሙት ያሰማል፤ ይሳሳቃሉ። መሳቃቸው አይከፋኝም። ሲስቁም አነሳቸዋለሁ።

የሚከፋኝ ሌላው ነው። አንድ ቀን አንድ ሕንፃ ሥር፣ ጥላው ላይ የተቀመጠች ቆሎ ሻጭ አስፈቅጄ እያነሳሁ ጥበቃው መጣ።

«ማንሳት ክልክል ነው።»

«የት ተጽፏል?»

«እኔ ነኝ ጽሑፉ» አለኝ ደረቱን በጣቱ እየነካ። «ማንበብ ከቻልሽ አንብቢኝ።»

ነገሩ አስቆኝ ነበር። «አጥፊው» ሲለኝ ግን ሳቄ ጠፋ፤ አጠፋሁት። ቆሎ ሻጯ አቀርቅራ ቆሎዋን ማበጠር ጀመረች። ፈቅዳልኝ ነበር እኮ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ ነበር የተነሳችልኝ። እኔና እሷ የተስማማንበትን ነገር አንድ ደረቱን የነፋ ሰው ሲያፈርሰው ዝም ብዬ ታዘዝኩ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ለራሴ ማልኩ፤ ከእንግዲህ የተነሳው ሰው ራሱ ካልሆነ በቀር ማንም «አጥፊ» ቢለኝ አላጠፋም። ጥበቃም ቢሆን፣ የደንብ ልብስ የለበሰም ቢሆን። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ካሜራዬን ተቀምቼ ተመልሶልኛል፤ አላጠፋሁም።

እኔም በበኩሌ ሳልጠይቅ አላነሳም። አንድ ጊዜ ብቻ ሳልጠይቅ አንስቻለሁ፤ ይባስ ብሎ ተከልክዬ ሳለ።

ያነሳኋቸው አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴን ነው። እማማ ነበር የምላቸው። ከእንጦጦ ጀርባ ካለው ገጠር በልጅነታቸው የመጡ፣ በሁለት ቋንቋ የሚቆጡ ሴት ነበሩ። የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ወዲህ፣ ሲስቁ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ነጠላ ካልለበሱ በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። ገና ካሜራውን የገዛሁ ሰሞን ነው የከለከሉኝ።

«ያንን ነገርሽን ወደ እኔ እንዳታዞሪው። ፎቶ አታንሺኝ።»

«አንድ ብቻ፣ እማማ።»

«አንድም አይሆንም። እኔን ማየት ካማረሽ መታወቂያዬ ላይ አለሁልሽ፤ እሱን እዪ።»

አየሁት። ለመታወቂያ ስንነሳ ጆሯችሁ ይታይ ይሉን የለ፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ኋላ ገፍተው፣ አፋቸውን ግጥም አድርገው፣ ዳኛ ፊት የቀረበ ተከሳሽ መስለው ነው የተነሱት። ያንን ፊት እኔ አላውቀውም። ግን ከለከሉኝ፤ በቃ። ሦስት ዓመት አከበርኩላቸው።

ከዚያ ለፋሲካ በግ ልንገዛ ሸጎሌ አብረን ሄድን። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ቤቷ ሆና ልብስ የምትሰፋ፣ ከእኔ ጥቂት የምታንስ። እሷን ለምን ይዘዋት እንዳልሄዱ ስጠይቃቸው «የኔ ልጅ በግ የምትመርጠው በመልኩ ነው» አሉኝ። ካሜራዬ አንገቴ ላይ ነበር። ወደ እሳቸው አላዞርኩትም።

እማማ በግ ሲመርጡ ዓይናቸውን አያምኑም። ግራ እጃቸው ቀንዱን ይጨብጣል፣ ቀኝ እጃቸው ወገቡን እየዳበሰ እስከ ላቱ ይወርዳል። በሁለት እጃቸው እንደያዙት ነጋዴው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ። እማማም ሳይዞሩ መለሱለት። ምን እንዳሉት አልገባኝም፤ በዙሪያው ያሉት ወንዶች ግን ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል፣ በጉን ደግሞ ከለቀቁት ያመልጣል፤ አፋቸውን የሚሸፍኑበት እጅ አልነበራቸውም። ካሜራውን አንስቼ ተጫንኩት። አንድ ጊዜ ብቻ።

«ሳላስበው ነው» ማለት እችል ነበር። አልልም። ትኩረቱን ዓይናቸው ላይ አስተካክዬ ነው ያነሳሁት፤ ማስተካከል ማሰብ ነው። ገበያው ሲጮህ የካሜራዬን ድምፅ አልሰሙትም።

ቤት ገብቼ አየሁት። ጉንጫቸው ወደ ላይ ተነስቶ ዓይናቸውን ሊዘጋው ደርሷል፤ ባዶው ድድ ወለል ብሎ ይታያል፤ የበጉ ቀንድ ከደረታቸው በታች ገብቷል። በአጥር ላይ የሚጠሩኝ፣ ሽሮ አረረብኝ ብለው በሁለት ቋንቋ የሚራገሙት ሴት እዚያ ነበሩ። ካነሳኋቸው ሁሉ ደብተሬ ላይ ያልጻፍኩት ፎቶ እሱ ብቻ ነው።

«ነገ አሳያቸዋለሁ፤ አጥፊ ካሉኝ አጠፋለሁ» አልኩ። ነገ ፋሲካ ነበር። ከነገ ወዲያ እንግዳ ነበረባቸው። ከዚያ በኋላማ ምክንያት የለኝም፤ ፈራሁ። «አጥፊ» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ታመሙ፤ ሆስፒታል ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላቸው አረፉ። ሳያዩት።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ልጃቸው ከመታወቂያው ሌላ ፎቶ ስላልነበራት፣ እሱን አሳድጋ በፍሬም አስገባች። ፎቶው ሲያድግ ማኅተሙም አብሮ አደገ፤ ግማሽ ክቡ አገጫቸው ሥር ወይን ጠጅ ጠባሳ መስሎ ወጣ። አልቃሾቹ ያንን እየተቀባበሉ አለቀሱበት። ልጃቸው አንድ ጊዜ ፍሬሙን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትኩር ብላ አየችውና «ይቺ እናቴን አትመስልም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ካሜራ ተሸክመሽ ስትዞሪ፣ አንድ ቀን እንኳ አላነሳሻትም?»

«ከልክለውኝ ነበር» አልኩ።

ያልኩት ቃል እውነት ነበር። ያታለልኳት በዚያው እውነት ነው። ሰልስት አለፈ፣ አርባው አለፈ፤ አጥር ለአጥር በየቀኑ እንተያያለን፤ አልነገርኳትም። በየመንገዱ ስንት ሰው ስገላምጥ የኖርኩ ሴት፣ የአንዲት ልብስ ሰፊ ዓይን ፈራሁ።

ሙት ዓመታቸው ሊደርስ ሲል፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። መቃብሩ ላይ ለሚቆመው ድንጋይ ያረቀቀችው ጽሑፍ ነበር።

«አንቺ አንባቢ ነሽ፤ እስቲ እዪልኝ። ድንጋይ ላይ ከተቀረጸ አይታረምም።»

እርሳስ አንስቼ አየሁላት። አንድ ቦታ ዕድሜያቸው ተሳስቷል፤ አረምኩት። እሷ ደግሞ ከቦርሳዋ ያንን የመታወቂያውን ጉርድ ፎቶ አውጥታ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄን ነው ድንጋዩ ላይ የሚለጥፉት። ፀሐይም ዝናብም አይለውጠውም አሉኝ።»

ፎቶው ላይ ያለችው ተከሳሽ ሴት ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እርሳሱን አስቀመጥኩ።

«ሌላ አለ» አልኩ።

«ምን ሌላ?»

«ሌላ ፎቶ። እኔ ያነሳሁት። ሸጎሌ፣ በግ ስንገዛ።»

«ከልክላኝ ነበር አላልሽም?»

«ከልክለውኝ ነበር። አነሳኋቸው።»

«ለቅሶው ላይ ነበረሽ?»

«ነበረኝ።»

«አርባዋ ላይስ?»

«ነበረኝ።»

«ሌባ ነሽ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አላስተባበልኩም። ካሜራውን ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ፣ ፎቶውን ፈልጌ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ አየችው። እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«አጥፊው።»

«አላጠፋም።»

«የእናቴ ፊት ነው።»

«የእናትሽ ነው። እሳቸው ቢሉኝ አጠፋው ነበር። አንቺ ስላልሽኝ አላጠፋም።»

«እሷማ እንዳትልሽ አላሳየሻትም።»

እውነቷን ነው። ካሜራውን ለመቀበል ግን እጄን አልዘረጋሁም፣ ይቅርታም አልጠየቅኩም። ይቅርታ ብጠይቅ «ምነው ባላነሳሁት» ማለቴ ይሆን ነበር።

«ድንጋዩ ላይ የሚሆነው የመታወቂያው ነው» አለች በመጨረሻ። «እሱን ፈቅዳ ተነስታለች።»

«እሱንስ መቼ ፈቀዱ? ቀበሌ አዟቸው ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ መልሳ ወደ ካሜራው አቀረቀረች። «አቅርቢልኝ» አለች። ቁልፉን ተጭኜ አቀረብኩላት፤ አፋቸው መስታወቱን ሞላው። በጥፍሯ ጫፍ እየነካች ቆጠረች።

«ሦስት ናቸው» አለች።

«ምኑ?»

«የወለቀው ጥርሷ። እኔ ሁለት ነበር የሚመስለኝ።» ጥፍሯን ሳታነሳ ጨመረች፤ «አንድ ቤት ውስጥ ኖረን።»

ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ የታረመውን ወረቀት አጠፈች፣ ጉርዱን ፎቶ ግን አላነሳችውም። «ጠራቢው ዓርብ ነው የሚፈልገው» አለች።

«እስከ ዓርብ አስቢበት።»

«አንቺም እስከ ዓርብ አጥፊው።»

«አላጠፋም።»

«አውቃለሁ» አለችና፣ ቆማ ሳለ እጇን ዘርግታ ካሜራውን እንደገና ጠየቀችኝ።