ስምንተኛው ቤት

ወንድሜ ለጋብቻ ሽማግሌ ሊልክ በተዘጋጀበት ሰሞን፣ እረፍት ወጥቼ በትውልድ አገሬ በዘመሮ፣ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። ቄስ የሆኑት የአባቴ አጎት የዘር ቆጠራውን ጨርሰው መጡና፣

"አይሆንም" አሉ። "ሁለቱም ከአንድ አባት ይወለዳሉ። በልጅቷ በኩል ስምንት ቤት ይቆጠራል፤ በእኛ በኩል ግን ስድስት ነው።"

እስከ ሰባት ቤት ያለ ዘመድ አይጋባም። ወንድሜ ወጥቶ ከበጎቹ በረት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

እኔ አዲስ አበባ የምሠራው በመረጃ ቋት ላይ ነው። አላስችል ቢለኝ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

"አባ፣ እስኪ አንድ በአንድ ይንገሩኝ።"

"ይኼ ደግሞ ዘመድ ያውቃል?"

"አያውቅም። እርስዎ ያሉትን ነው የሚይዘው።"

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰንጠረዥ፣ ለአንድ ሰው አንድ ረድፍ፤ በረድፉ ላይ የራሱ ቁጥር፣ ስሙና የወላጁ ቁጥር። የልጅቷን ወገን ከአያቷ በስልክ ጠየቅኩ፤ እሳቸውም የእያንዳንዱን ሰው ልጆች ከነታናናሾቻቸው ዘረዘሩልኝ። ከዚያ ትእዛዙን ጻፍኩ፦ ከወንድሜ ጀምረህ ወላጁን ፈልግ፤ ያገኘኸውን ይዘህ ደግሞ የእሱን ወላጅ ፈልግ፤ ወላጅ ያልተጻፈለት ሰው ጋ ስትደርስ አቁም።

የት ሊያቆም! ስም በስም ላይ ይደረድር ጀመር። በግድ ገትቼ ብመለከት፣ ከስድስተኛው አያታችን ጀምሮ ሁለት ስሞች እየተፈራረቁ ይመላለሳሉ።

"አባ፣ እርስዎ የዚህ ሰው አባት ነው ያሉኝን፣ የልጅቷ አያት ልጁ ነው ይላሉ።"

"አባቱን ወለደ?" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው በጣታቸው ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። ድንገት ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

"ሁለት ሰዎች ናቸው! የልጅ ልጁ በአያቱ ስም ተጠርቶ ነው። እኔ አንድ አድርጌ ቆጥሬአቸው!"

ረድፉን ለሁለት ከፈልኩና እንደገና አስኬድኩት። አሁን ቆመ። የጋራው አባት በእኛም በኩል ስምንተኛው ቤት ላይ ተገኘ።

አባ ግን በዚህ ብቻ አልረኩም። በማግስቱ በቅሏቸውን ጭነው ማዶ ያሉ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄዱ፤ ያንኑ ስምንት ቤት ሰምተው ሲመለሱ ገና ከደጅ ሆነው "ሽማግሌ ላኩ!" አሉ።

በጥር ተሞሸሩ። አባ በሰርጉ ላይ ከእንግዳ እንግዳ እየዞሩ፣ የተሳሳቱት እሳቸው መሆናቸውን ሲናገሩ ዋሉ። እኔ ብሆን እደብቀው ነበር።