እናቴ የቆረጠችው ሱሪ

ባለፈው ሳምንት ከፈታሁት የሰልባጅ ቦንዳ መሐል አንድ የካኪ ቁምጣ ተጠቅልሎ አገኘሁ። ሰልባጅ ሁሉ ሽታው አንድ ነው፤ የመርከብ ሆድ፣ የብል መድኃኒት፣ የማላውቀው ሰው ቁም ሣጥን። ይኼኛውን ስዘረጋው ግን እርጥብ አፈርና ጥድ ሸተተኝ። እዚህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ የታክሲ ረዳት ከሱቄ ፊት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ በሚጮህበት ቦታ ጥድ ከየት ይመጣል? አፍንጫ ግን እንደ ደንበኛ አይደለም፤ ዛሬ የለም ተብሎ አይመለስም።

ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው እናቴ መቀሷን ያነሣችው። ወጣት ወንድ ከመንገድ እየታፈሰ ወደ ጦር ግንባር የሚጫንበት ጊዜ ነበር። ወንድሜ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ፊቱ ለጋ ነበር። ጎረቤት «ምነው ይኼ ልጅ አላድግ አለ» እያለ ሲያዝንልን፣ እናቴ በጎን ፈጣሪዋን ታመሰግን ነበር። ያለውን አንድ የካኪ ሱሪ ከጉልበቱ በላይ ቆርጣ ቁምጣ አደረገችው። ከዚያም ማንም ከሚያውቀን ከቄራ አንሥታ ማንም ወደማያውቀን ላፍቶ አመጣችን። ላፍቶ ያኔ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ገጠር ነበር። ለንግዷ ሽንኩርት የሚያስረክባት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከግቢው ጥግ አንዲት ክፍል ሰጠን። ለሱም ለቀበሌውም ወንድሜ አሥራ አራት ዓመቱ ነው ተባለ።

የተቆረጡትን ሁለት የሱሪ እግሮች ግን አልጣለቻቸውም። አጥባ፣ አጥፋ፣ ከሣጥኗ ሥር አስቀመጠቻቸው።

«ይኼ ጊዜ ሲያልፍ መልሼ እሰፋቸዋለሁ» አለች።

«ስፌቱ ይታያል እኮ» አልኳት።

«ይታያ። እኔ አላፍርበት።»

ከዚያ ወዲያ ልጅነት ለወንድሜ ሥራ ሆነበት። ጎህ ሳይቀድ ጢሙን ይላጫል። ከሱ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሉ ጋሼ ይላል። ደረቱ ፀጉር አብቅሎ ነበርና እናቴ ጠዋት ሸሚዙን ካለበሰችው በኋላ የአንገቱን ቁልፍ በመርፌ ትሰፋዋለች፤ ማታ ክሩን ትተረትራለች። ብይ እየተጫወተ ለሕፃናት ይሸነፋል። አንድ ቀን የገበሬው ሚስት ጥጃ ለቀቅህ ብላ በአለንጋ ስትገርፈው፣ እናቴ በር ላይ ቆማ አየች። በኋላ ጀርባውን ቅቤ እየቀባችው «እሰይ፣ አምናለች» አለችው።

ከቀበሌው ሕፃናት ኪነት መግባቱም በግድ ነበር፤ በዚያ ዘመን የማይገባ ልጅ ያስጠረጥራል። ድምፁ ጎርናና ስለነበር ከበሮ ሰጡት። እኔም ከጀርባ አጨበጭባለሁ። ስሙ የሕፃናት ይሁን እንጂ ሴቶቹ ትልልቆች ነበሩ፤ ሴት አትታፈስማ። መሪ ዘፋኟ ወንድሜን በአንድ ዓመት ብታንሰው ነው። እሷ ግን ይኼን ከየት ታውቃለች? «ማሙሽ» ትለዋለች። ሌላው ሲለው ይስቃል። እሷ ስትለው ዓይኑን ከበሮው ላይ ይተክላል።

በአንድ በዓል ጥሩ ዘፈናችሁ ተባልንና ለሽልማት ሰበታ አቅጣጫ ካለው የመንግሥት ደን ፏፏቴ እንድናይ ተፈቀደልን። እናቴ ደስ አላላትም። ቢቀርም ያስጠይቃል። የዚያን ቀን ቁልፉን በድርብ ክር ሰፋችው፤ ለኔ «ከአጠገቡ እንዳትርቂ» አለችኝ።

በኤንትሬ የጭነት መኪና ተጭነን ሄድን። የወሰደን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነበር፤ ጠመንጃ ያነገተ፣ ቁጣ የማያውቅ፣ ኪሱ ሁሌ ቆሎ የማያጣ ሰው። ከመኪናው ወርደን በእግር ገባን። መንገዱ ለአሮጊት እንኳን የሚከብድ አልነበረም። ጥዱ ከላይ ስለተገናኘ ፀሐይዋ በወንፊት እንደተነፋች ነበር መሬት የምትደርሰው። ከእግራችን ሥር የበሰበሰው ቅጠል እንደ እርጥብ ጆንያ ይለሰልሳል። የደኑ ዘበኛ ከፊት ከፊት እየሄደ «እንጨት መስበር ክልክል ነው፣ አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው፣ አውሬ ማስደንበር ክልክል ነው» ይላል። ጉሬዛዎች ከጥድ ወደ ጥድ ይዘላሉ። ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አየሻቸው? እነዚህን የሚነካቸው የለም» አለኝ።

ፏፏቴው ሳይታይ ድምፁ ተሰማ። ከሱ በፊት አንዲት ጅረት ነበረች፤ ድንጋዮቿ ያሟልጫሉ። ዘፋኟ መሐል ላይ ስትንገዳገድ ወንድሜ ቀድሞ ተሻግሮ እጁን ዘረጋላት።

«ያዢኝ» አላት።

«ማሙሽ፣ አንተንስ ማን ይያዝህ?»

ልጁ ሁሉ ሳቀ። እሷ የጥበቃውን እጅ ይዛ ተሻገረች። ወንድሜ የተዘረጋ እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስል ቁምጣው ላይ ጠረገው።

ፏፏቴው እንደተወራለት ትልቅ አልነበረም፤ ከቋጥኝ ላይ እንደ ነጭ ነጠላ ወርዶ ከታች ይበተናል። ትንንሾቹ ወንዶች ልብሳቸውን ጥለው ገቡ። ወንድሜ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ጣቱን ከአንገቱ ሥር አስገብቶ ድርቡን ክር በጠሰው። ሸሚዙን አውልቆ ሰጠኝ።

«ያዢልኝ።»

«እማዬስ?»

«ዛሬ ብቻ።»

ቄራ ሳለን የሽንኩርት ጆንያ የተሸከመ ትከሻ ነበረው። ውኃው ሲመታው ያ ዓመት ሙሉ ያጎበጠው ጀርባው ቀና አለ። ደረቱን ገልጦ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ በገዛ ድምፁ ሳቀ። ያን ድምፅ ከቄራ ከወጣን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዘፋኟ እግሯን ውኃ ውስጥ እንደነከረች ቀና ብላ አየችው። ማሙሽ አላለችውም። ይኼን እሱም ያየ ይመስለኛል፤ ይመስለኛል ነው እንግዲህ።

ጥበቃው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆሎውን ይቆረጥማል።

«አንተ ልጅ፣ ስንተኛ ክፍል ነኝ ነው ያልከኝ?»

«አምስተኛ፣ ጋሼ።»

«አምስተኛ ክፍልን ተከራይተህ ነው እንዴ የምትኖርበት?»

ልጆቹ ተንከተከቱ። ወንድሜም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ሊወጣ ሲል ሰውዬው እጁን አወዛወዘ።

«ታጠብ፣ ታጠብ። አትቸኩል» አለና ወደ ቆሎው ተመለሰ።

እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ ሸሚዙን ይዤ ሮጥኩ። ጥበቃው ቀደመኝ። የራሱን የካኪ ኮት አውልቆ «ብርድ ይመታሃል» እያለ ደረበለት፤ አንድ በአንድም ቆለፈለት። ዛሬ ልብስ ሻጭ ነኝ፣ የሰው ልክ በዓይኔ ነው የማውቀው። ኮቱ ልኩ ነበር። በዚያ ዓመት የለበሰው ልኩ የሆነ ልብስ እሱ ብቻ ነበር።

ስንመለስ ጥበቃው እጁን ወንድሜ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ጎን ለጎን ሄዱ፤ ያየ አባትና ልጅ ይላቸዋል። መኪናው ጋ ስንደርስ ጋቢና ግባ አለው። ልጆቹ ቀኑበት፤ ጋቢና መቀመጥ ቀላል ነገር አልነበረም። ወንድሜ እግሩን ከማንሣቱ በፊት ወደኔ ዞረ።

«ለእማዬ ውኃው ጥሩ ነበር በያት» አለኝ።

ቀበሌው በር ላይ እኛን አወረዱን። ሞተሩ አልጠፋም። መኪናው ጋቢና ያሉትን ይዞ ቀጠለ።

እናቴ የማታውን ክር ልትተረትር መርፌዋን ቀሚሷ ላይ ሰክታ ደጃፍ ቆማ ነበር። ሸሚዙን ሰጠኋት። የተበጠሰውን ክር በጣቷ ዳበሰችው።

«ራሱን አደረቀ?» አለችኝ።

«አላደረቀም።»

«ውኃውስ ቀዝቃዛ ነው?»

«ጥሩ ነበር ብሎሻል።»

በማግስቱ ቀበሌ ሄዳ «ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነው» አለቻቸው። ሳቁባት። እውነቱን እንዳትናገር የዋሸችው ሊያስጠይቃት ነው፤ ውሸቱን እንዳትይዝ ልጁ ውኃ ውስጥ ታይቷል። ሌላ የምትለው ነገር ስላልነበራት ያንኑ እየደጋገመች ሳምንት ተመላለሰች።

ከዚያ በኋላ ስለሱ ምንም አልሰማንም። መንግሥቱ ሲወድቅ ወታደሩ ቡትቶ ለብሶ፣ እግሩ አብጦ በየመንገዱ ወደ ቤቱ ሲጎርፍ፣ እናቴ ሁለቱን የሱሪ እግሮች ከሣጥኗ አውጥታ በከሰል ካውያ ተኮሰቻቸው። መርፌዋ ውስጥ ክር አስገብታ መንገድ ዳር ተቀመጠች። የሚያልፈውን ወታደር ፊቱን ሳይሆን እግሩን ታያለች።

«እማዬ፣ ያንን ቁምጣ እስካሁን አይለብሰውም» አልኳት።

«ታዲያ የት ይጥለዋል?» አለችኝ።

እናቴም አለፈች። ዘፋኟ ዛሬ የልጅ ልጅ አላት፤ ልብስ ከኔ ነው የምትገዛው። ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም። ለልጁ ስትመርጥ ግን ሁሌ ሰፋ ያለውን አንሥታ «ትንሽ ቢመስል ምን አለበት» ትለኛለች። እኔም አልከራከራትም።

የሱሪው እግሮች አሁን እኔ ጋ ናቸው፣ ከመደርደሪያው ሥር በላስቲክ። ወገብ የሌለው ሱሪ የሚገዛ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቁምጣውን ባገኘሁ ቀን፣ ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት አውጥቼ ከሥሩ አስጠጋኋቸው። ቀለማቸው አልገጠመም። ወገቡንም በስንዝሬ ለካሁት፤ በጣም ጠባብ ነው።

ይኼኛው የእውነት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ቁምጣ ነው።