ጸበል የነካው አፈር

እኔ ማስተማር ከጀመርኩ መናገር የማላቆም ሴት ነኝ። ተማሪዎቼ ያውቁታል፣ ባለቤቴ ያውቀዋል፣ በኋላ ደግሞ የሰፈሩ እናቶች ማኅበር በደንብ አወቀው። የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ቤት ተከራይተን ስንገባ፣ መስኮት ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት የቆሻሻ ክምር ነበር። ከላይ ባሕር ዛፍ፣ ከታች የሰው ቤት፣ መሐል ላይ ማንም የእኔ ነው የማይለው ተዳፋት። ሰዉ ከቤቱ የተረፈውን ሁሉ እዚያ ይጥላል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ጠራርጎ ወደ ታች ያወርደዋል።

ታች ያለው የሐጂ ሱቅ ነው። ሐጂ ከሰባ የዘለሉ፣ ዱቄትና ዘይት፣ ገመድና ሰፌድ የሚሸጡ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው። የሱቁ የኋላ ግድግዳ ላይ ጎርፉ በየዓመቱ የደረሰበት የጭቃ መስመር አለ፤ “ይኼ የአምና ነው፣ ይኼኛው ልጄን የዳርኩ ዓመት ነው” እያሉ ያሳዩኛል። በየክረምቱ ዕቃውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ያወጣሉ፣ ውኃውን በባልዲ ይቀዳሉ፣ የረጠበውን ዱቄት ይጥላሉ። አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ሄጄ “አሁንስ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ይኼንንም የሚመጣውንም ክረምት ልሞክረው፣ ከዚያ በኋላ ግን እንዲህ ከሆነ ዘግቼ ልጄ ቤት እገባለሁ” አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት፣ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። ሰው ሲገባና ሲወጣ ካልቀለዱበት ሐጂ ምን ሆነው እንደሚውሉ ማሰብ አልቻልኩም፤ አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ወረዳ ሄድኩ። ኃላፊው ልጅ እግር ነው፣ ትሑትም ነው፤ “ቲቸር፣ ቦታው እኮ ለመኪና ማቆሚያ ታስቧል” አለኝ። ደሜ ፈላ። ኮንክሪት ከለበሰ ጎርፉ የት ይሰርጋል? ቀጥ ብሎ ሐጂ ሱቅ ነው የሚገባው። ተመላለስኩ፣ ጨቀጨቅኩ፣ የቢሮው ጥበቃ ስሜን ሳይጠይቅ ማስገባት እስኪጀምር ድረስ ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ ሰለቸሁትና “እሺ፣ ችግኝ ትከሉበት። ከመስቀል በኋላ መጥቼ አያለሁ። ከጸደቀ የእናንተ ነው፤ ካልጸደቀ ግን እንዳይቀየሙኝ” አለኝ።

ሰው ማሰባሰቡ እንደፈራሁት አልከበደም። የመስጊዱ ጀመዓ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ፤ ቆሻሻውን አነሳ፣ እርከን ሠራ። ተከላውን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ እናቶች ማኅበር ወሰደው። የማኅበሩን ሰብሳቢ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው፤ ቀጭን፣ ረዘም ያሉ፣ ማኅበሩን በዓይናቸው ብቻ የሚያዙ ሴት ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ቻርት ሰቅዬ አስተማርኳቸው። ስለ ካርቦን፣ ስለ ኦዞን መሳሳት፣ ስለ ዓለም ሙቀት አንድ ሰዓት ሙሉ ዘበዘብኩ። እናቶቹ በጨዋነት ሰሙኝ። አንዷ አንቀላፍተው ነበር፤ ጎረቤታቸው በክርን ጎሸም አደረጓቸው። ስጨርስ ቄሱ በችግኞቹ ላይ ጸለዩ፣ ጸበልም ረጩባቸው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር በራሴም ትንሽ ኮርቻለሁ።

ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠን አንድ ጠዋት ተከልን። እኔ ከጀመዓው ጋር ላይኛውን እርከን ያዝኩ። እናቶቹ የሐጂን ሱቅ ቁልቁል የሚያየውን ሰፊውን ታችኛውን ያዙ። ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው በሰልፍ ቆመ። ሐጂ ከሱቃቸው ብቅ ብለው “ደን ውስጥ ገባን በሉኛ” አሉን።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ግን የታችኛው ረድፍ ቢጫ መሆን ጀመረ። የላይኛው ለምልሟል፤ የታችኛው ከቀን ወደ ቀን ይከሳል። በሽታ ነው ብዬ ቅጠል እየቆረጥኩ ትምህርት ቤት ወሰድኩ፣ በማይክሮስኮፕ አየሁ፣ ምንም አጣሁበት። አንድ ማለዳ ሐጂ አጠገቤ ቆመው ሳለ አንዱን ወይራ ያዝ አድርጌ ሳብኩት። ምንም ሳይታገለኝ ብድግ አለ። ሥሩ ከነጥቁር ላስቲኩ ነው፤ እንደተገዛ፣ እንደታሸገ። ሌላውን ሳብኩ፣ እሱም ከነላስቲኩ። ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩትና “እንዴ፣ ይኼ ጫማውን ሳያወልቅ ነው እንዴ የገባው?” አሉ።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ችግኙን እንዳንጠለጠልኩ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደረስኩ። እናቶቹ ጸሎት አድርሰው እየወጡ ነበር። “እማማ፣ ማን ነው በላስቲኩ የተከለው? ችግኝ በላስቲክ ይተከላል? ይኼንን እኮ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል” አልኳቸው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

እማማ ችግኙን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። “ጸበል የተረጨበት አፈር ነው ልጄ፤ ላስቲኩ ሲቀደድ ይፈሳል፣ ሲፈስ ይረገጣል። ጸበል የነካው አፈር ይረገጣል?” አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው “አንቺ ስለ ሰማዩ መሳሳት አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርሽን። ስለ ላስቲኩ አንድ ቃል አልነገርሽንም” አሉና ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ያሉት በሙሉ እውነት ነበር። ገና ኮሌጅ ሳለሁ የተማርኩትን ነገር ሰው ሁሉ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የሚወለድ መስሎኝ ሳልናገር አለፍኩት፤ እነሱ ደግሞ የከበረ ነገር እንዳይረክስ ብለው ነው እያንዳንዱን በጥንቃቄ ከነመጠቅለያው የቀበሩት። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። በዚያ ሳምንት ተዳፋቱ ላይ አንድም እናት አልወጣችም።

ብቻዬን ልነቅለው ሞከርኩ። ሁለት ሦስቱን አውጥቼ ተውኩት፤ ብዛቱ ብቻ ሳይሆን የእነሱን አፈር ያለ እነሱ መንካት ሌብነት ሌብነት አለኝ። ሐጂ ከሱቃቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው ጠሩኝ። “ልጄ፣ መስቀል ደረሰ። ሱቄ የሚተርፈው በአንቺ ምላስ ከሆነ አልቆልኛል፤ በይ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ” አሉኝ።

እማማ ቤት ስገባ ሽሮ እየነፉ ነበር። ቁጭ በይ አላሉኝም። ቆሜ “እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ድንጋይ ልሸከም” አልኳቸው። ቀና ሳይሉ “አትሸከሚ፣ ወገብሽን ይቆርጥሽና ደግሞ ለዚያም እኛን ትቆጪናለሽ” አሉኝ። ያኔ ነው ትንሽ የተነፈስኩት። ሳላስበው ሐጂ ያሉትን ነገርኳቸው፣ ጫማውን ሳያወልቅ ነው የገባው ማለታቸውን። የወንፊቱ እንቅስቃሴ ቆመ። እማማ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። “እውነታቸውን እኮ ነው” አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። “የከበረ ቦታ በጫማ አይገባም። እናወልቀዋለን። ግን አንዲት ፍርፋሪ አፈር እንዳትረገጥ። አንቺም በዚያ ቀን ብዙ አትናገሪ።”

ቀኑን የቆረጡት እሳቸው ናቸው፤ ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል። የዚያን ቀን የሚዘንበው ሁሉ ጸበል ነው። እውነትም ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር፤ ልጆች በየደጁ ራቁታቸውን ይቦርቃሉ። አፈሩ ሳይፈስ ላስቲኩን እንዴት እንደምንቀድ ግን ማንም አላሰበበትም። ቆመን ስንተያይ ሐጂ ከሾላ ገበያ ያመጧቸውን፣ ገና ያልተሸጡ አዳዲስ ሰፌዶች ተሸክመው ዳገቱን እያለከለኩ ወጡ።

ሥራው እንዲህ ሆነ። እኔ ችግኙን አወጣለሁ። ሐጂ ቁጢጥ ብለው ሰፌዱን ከሥሩ ይይዛሉ። እማማ በምላጭ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቃሉ። የረገፈው አፈር ሰፌዱ ላይ ይቀራል፣ እኔ ተጠምዞ የተቆላለፈውን ሥር በጣቴ ዘርዝሬ ጉድጓዱ ውስጥ አቆመዋለሁ፣ ከዚያ እማማ ሰፌዱን ከሐጂ ተቀብለው የመጨረሻዋን ቅንጣት ሳይቀር መታ መታ እያደረጉ ያራግፉበታል። በየረድፉ እንደዚያው። አንድ ጊዜ ስለ ሥር አተነፋፈስ ልናገር አፌን ስከፍት እማማ በዓይናቸው አዩኝና ዘጋሁት። አንድ ጊዜ ደግሞ ትንሽ አፈር ከሰፌዱ ጠርዝ ወጥታ መሬት ወደቀች፤ ከማናችንም ቀድመው በእጃቸው ያፈሷት ሐጂ ናቸው። እማማ አዩ። ከዚያ በኋላ ሐጂ ሲነሱ ክንዳቸውን ይዘው ያነሷቸው ነበር።

ከመስቀል በኋላ የወረዳው ልጅ መጣ። እየዞረ አየ፣ አንዱን ወይራ ያዝ አድርጎ ሳበው። አልመጣለትም። ጠንከር አድርጎ ሊደግም ሲል እማማ “ተው ልጄ፣ ልብስህን ነው እንዴ የምትጎትተው?” አሉት። አፍሮ ለቀቀው። “በቃ፣ የእናንተ ነው” አለ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ እናቶቹ እልል አሉ፣ እኔ ደግሞ ሰው ፊት አለቀስኩ።

በጋውን በሙሉ መስጊዱ ሰጋጆቹ ለውዱእ ሲታጠቡ የሚፈሰውን ውኃ በበርሜል አጠራቀመልን፤ እናቶቹ በጄሪካን እየቀዱ አጠጡ። ጀመዓው እርከኑን ጨመረ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሳር ተከልን። የጠወለገ ነበር፣ የሞተም ነበር። ማንም ግን ቆሻሻ አልጣለበትም፤ ሩፋኤል ያረፈበት መሬት ነው እየተባለ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያ የሚያስፈራው ዝናብ መጣ። ችግኝ በአንድ ዓመት ጎርፍ እንደማያቆም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የነበረኝ ተስፋ እርከኑና ሳሩ ላይ ነበር፣ እሱንም እየፈራሁ። ጃንጥላ ይዤ ቁልቁል ሮጥኩ። ጃንጥላው መንገድ ላይ ተገለበጠ።

ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዕቃው ሁሉ እንደ ወትሮው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጥቷል፣ ባልዲዎቹ በር ላይ ተደርድረዋል፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሏል። የኋለኛውን ግድግዳ አየሁ፣ ወለሉን አየሁ። ውጭ ይዘንባል፣ ያንጎደጉዳል፣ ወለሉ ላይ ግን የእኔ ጫማ ካስገባው ጭቃ በቀር ምንም የለም።

“ቁጭ በይ” አሉኝ ሌላ በርጩማ እየገፉልኝ። ዝናቡን አየን። ከዚያ የሱሪያቸውን እግር ቀስ ብለው ወደ ታች ዘረጉት፣ አንደኛውን፣ ከዚያ ሌላኛውን።

“ይኼን ሁሉ ዓመት በዚህ ሰዓት ውኃ ስቀዳ ነው የኖርኩት” አሉ። “ዝናብ ሲዘንብ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ አላውቅም እኮ።”