አያ ዋኘው ውሸት ሲማሩ

ጎንደር ላይ የቀዘቀዘ እርጎ ቤት የሚከፍት ሰው አስቀድሞ ትዕግሥት ይሰንቅ። እኔ፣ ስሜ እስከዳር፣ ሳልሰንቅ ገብቼ ይኸው እየተቃጠልኩ እኖራለሁ። ሱቄ ፒያሳ ነው። ሁለት ማሽን አለኝ። አንደኛው የፍስክ ነው፣ እርጎ ይወጣበታል። ሁለተኛው የጾም ነው፤ ለውዝ፣ ሙዝና የሳንጃ ሰሊጥ አብሮ ተፈጭቶ ይቀዘቅዝበታል። ማንኪያቸው ለየብቻ፣ ጨርቃቸው ለየብቻ፣ ባልዲያቸው ለየብቻ ነው። በጾሙ ማሽን ግንባር ላይ በትልቁ «የጾም» ብዬ ጽፌያለሁ። የሚያነበው ግን የለም።

«ይኼ ጾም ነው?» ይለኛል የገባው ሁሉ፣ ጽሑፉን ተደግፎ ቆሞ።

«ነው።»

«ነጭ ነው እኮ!»

«ነጭ የሆነ ሁሉ ወተት ነው እንዴ? ኖራስ?» እላለሁ። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ተቆጥቶ ይወጣል።

ቱሪስቶቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አንዲት ፈረንጅ ከእንስሳ የመጣ ነገር አልነካም ብላ የጾሙን አዘዘች። ጎሽ ብዬ ቀዳሁላትና ማር ጠብ አድርጌ ብሰጣት፣ ማር አልበላም ብላ መለሰችው። ንብ ምን እንዳደረገቻት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ሕንዳዊ ደግሞ አለ፤ ሥጋ በዘመኑ ቀምሶ አያውቅም፤ በዓቢይ ጾም ዓርብ ዕለት ግን መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ እርጎውን ይልሳል። እንቁላል እንዳልገባበት ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ ነው ታዲያ። በመንገድ የሚያልፉት እናቶች እሱን ትተው እኔን ይገላምጡኛል።

ይኼ ሁሉ ግን አያ ዋኘው እስኪመጡ ድረስ ነው። እሳቸው ሲመጡ ሌላው ሁሉ ደግ ሆኖ ታየኝ።

ሁዳዴ በገባ ሰሞን አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ ወፍራም ካፖርት የለበሱ፣ ገብተው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። ቀድሞ ሾፌር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በደባርቅ መንገድ ሲወጡና ሲወርዱ ጨርሰው ጡረታ ወጥተው አውቶፓርኮ ሰፈር ይኖራሉ። ይኼን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ዕለት የማውቀው ጥያቄያቸውን ብቻ ነበር።

«ይች ጾም ናት?»

«ናት፣ አባቴ።»

«ማኪናይቱስ? እርጎ ገብቶባት አያውቅ?»

«አያውቅም።»

«ማንኪያውስ? ጨርቁስ?»

«ለብቻ ነው።»

«እስቲ ማርያምን በይ።»

«ማርያምን!»

ክዳን ያለው አንድ ትንሽ ዕቃ አስሞሉ፤ በጋዜጣ ጠቀለሉት፤ በፌስታል ደገሙት፤ ባጃጅ ጠርተው እየሮጡ ሄዱ። ተገላገልኩ ስል በማግሥቱ መጡ። ይች ጾም ናት? ማኪናይቱስ? ማንኪያውስ? ማርያምን በይ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው።

«አያ ዋኘው፣ ትናንት ምዬልዎት የለም?» አልኳቸው። ስማቸውን በዚያን ጊዜ ለምጄዋለሁ።

«ትናንት የትናንቱን ነዋ የማልሽው» አሉኝ ረጋ ብለው።

ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ መሃላ ማስደገም ምን ይባላል? የሚያናድደው ደግሞ ክፋት የለባቸውም። ስለሳቸው የጠየቅሁት የአውቶቡስ ሰው ሁሉ ሳቅ ይቀድመዋል። ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ትራፊክ አስቁሟቸው «ትርፍ ስንት ጭነሃል?» ቢላቸው፣ ረዳቱ ከኋላ «ምንም!» እያለ ሲምል፣ እሳቸው ወደ ኋላ ዞረው ቆጥረው «አምስት ናቸው፤ አንዷ እርጉዝ ናት፣ ስድስት ብትላቸውም አልጣላህም» አሉት አሉ። የመኪናው ባለቤት በዚያው ሳምንት አባረራቸው። ሌላ ባለቤት ቀጠራቸው፤ እሱም አባረራቸው። ሚስታቸውን ለማግባት ሲጠይቁም አማትየው «ትጠጣለህ?» ቢሏቸው «ሲገኝ እጠጣለሁ» ብለው መልሰው፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል።

ነገሩ የገባኝ ልጃቸው ብርቱካን የመጣች ዕለት ነው። ፋርማሲ የምትሠራ፣ ደህና የለበሰች፣ ዓይኗ ግን በልቅሶ ያበጠ ልጅ ናት።

«እስኩዬ፣ እናቴ በረሃብ ልታልቅብኝ ነው» አለችኝ። እናቷ እትዬ ለተ ማርያም ጉሮሯቸው ታሟል፤ ከቀዝቃዛና ከለስላሳ በቀር የሚወርድላቸው ነገር የለም። ሐኪሙ ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል ካላገኙ አይቆሙም ብሏል። የነፍስ አባታቸውም ቤት ድረስ ሄደው ጾሙን ፈትተውላቸዋል። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች። «ካንቺ የሚመጣውን ብቻ ነው የምትውጠው። እሱ ደግሞ ውኃ ነው፤ ምን ያደርግላታል?»

ለውዜንና ሰሊጤን ውኃ አለችብኝ። ለቅሶዋን ዐይቼ ዋጥኩት።

«አባትሽ ለምን ዘዴ አይፈጥሩም?»

«አባባ? አንድ ቀን አጃ ውስጥ ወተት ጨምሬ ‹ጾም ነው በላት› ብዬ ሰጠሁት። ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። እናቴ ፊቱን አንድ ጊዜ ዐየችው፤ ‹ዋኘው፣ መልሰው› ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። አባባ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፣ ዓይኑ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ እሱ ራሱ ማመን አለበት። አንቺ ከእርጎው ቅጂለትና ጾም ነው በይው። በሞቴ። ኃጢአቱ በእኔ።»

ኃጢአቱ በእኔ! ኃጢአት የባጃጅ ሒሳብ ይመስል «እኔ ልክፈል» ይባላል እንዴ? ማርያምን እያልኩ የምምለው እኔ ነኝ። እምቢ አልኳት። ጨካኝ ነሽ ብላኝ ሄደች። ያን ቀን የሸጥኩትን ሁሉ በቁጣ ነው የሸጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ግን የአያ ዋኘው መምጣት ሌላ ሆነብኝ። «ትናንትና ግማሹን በላች» ይሉኛል። በሌላው ቀን «ትንሽ ቀመስ አድርጋ ተወችው»። ከዚያ «ሁለት ማንኪያ ብቻ»። ይህን ተናግረው ደግሞ «ማንኪያውስ ለብቻው ነው?» ሴትዮዋ እየሞቱ ነው፤ እኔ ስለ ማንኪያ እምላለሁ። ደሜ ፈላ።

በማግሥቱ እሳቸው ለቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን በሚውሉበት ሰዓት ሱቄን ዘጋሁ። ሁለት ዕቃ ይዤ፣ አንዱን ከጾሙ አንዱን ከእርጎው ሞልቼ፣ አውቶፓርኮ ወረድኩ። እትዬ ለተ ማርያም አልጋ ላይ ናቸው። ከብርድ ልብሱ ሥር ሰውነት ያለ አይመስልም፤ ድምፃቸው ግን ቀጭን ይሁን እንጂ ያዛል።

«ማነሽ አንቺ?»

«የእርጎ ቤቷ ነኝ።»

«እንዴ! የማርያምን ስም እየጠራሽ የምትሸጭው?»

መሃላዬ እዚያ ድረስ ደርሷል። ሁለቱን ዕቃዎች ወንበሩ ላይ ደረደርኩና፣ በመንገድ ሳሳምረው የመጣሁትን ንግግር ሁሉ ረስቼ እንዲህ አልኳቸው፤ «እትዬ፣ ይኼኛው ጾም ነው። ይኼኛው እርጎ ነው። ልጅዎ አታልያቸው ትለኛለች፣ ባልዎ በየቀኑ ያስምሉኛል። እኔ ሰልችቶኛል! ቢፈልጉ ይብሉ፣ ባይፈልጉ ይተዉት፤ እኔን ግን ከመካከላችሁ አውጡኝ።»

በሽተኛ ላይ መጮኼ ወዲያው አሳፈረኝ። እሳቸው ግን ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ሳቁ።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። «አንቺም እንደ ልጄ ለጽድቅ ስል የምራብ መስሎሻል። የነፍስ አባቴ ከፈቱልኝ ወዲያ እግዜር ምን ይለኛል? የምፈራውስ ዋኘውን ነው።»

«ይቆጡዎታል?»

«ቁጣ መቼ ያውቅና! እናቱ ሁዳዴ ላይ ታማ ቄሱ መጥተው ፈቱላት። ወተት ቀመሰች፤ ሳምንቱን ሳትጨርስ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ለዋኘው ጾም የተፈታለት ሰው ያለቀለት ሰው ነው። እኔ ወተት የቀመስሁ ዕለት ከጎኔ ተቀምጦ መርዶ መጠበቅ ይጀምራል። ያን ፊቱን እያየሁ ልተኛ? አልችልም። እየጾምሁ ሳለሁ ተስፋ አለው፤ ባጃጅ ይዞ ይሮጣል።»

እርጎውን በማንኪያ አቀረብኩላቸው። አንዴ ዋጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ደገሙ። «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሸጋ ነገር እያለሽ ለውዝ ስትልኪልኝ መክረምሽ!» አሉኝ።

ግማሹን ጨረሱት። ከዚያ ክንዴን ያዙኝና፣ «ከነገ ጀምሮ ከዚህ ላኪልኝ። ለእሱ ግን ጾም ነው በይው። እሱ ካመነ፣ እኔም እንዳላወቀ ሰው ሆኜ እበላለሁ። ቃል ግቢልኝ» አሉ።

ከመካከላችሁ አውጡኝ ልል ሄጄ ሌላ ጉድ ተሸክሜ ተመለስኩ። ለልጅየዋ እምቢ ያልኩትን ለእናትየዋ እሺ አልኩ። የሚሞት ሰው እጄን ይዞ ምን ልበል? በመንገድ የባጃጁን ልጅ ያለ ጥፋቱ ተጣላሁት።

ሌሊቱን ነገ ማርያምን በይ ሲሉኝ ምን እንደምል ሳስብ አደርኩ። አያ ዋኘው በማግሥቱ መጡ፤ ገቡና ቆሙ። ስለ ማኪናይቱ የለ፣ ስለ ማንኪያው የለ። ሰው እስኪወጣ ጠብቀው ወደ ጠረጴዛዬ ጎንበስ አሉና በአገጫቸው ወደ ፍስኩ ማሽን አመለከቱኝ።

«ዛሬ ከዚያኛይቱ ቅጅልኝ።»

«አያ ዋኘው፣ ያ እኮ እርጎ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁለት ማንኪያ ብቻ የምትቀምስ ሰው ምን ትጾማለች? ስትመነምን ዐይቼ አላስችል ቢለኝ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድሁ። እንድትራብ ብትተዋት ነው ኃጢአቱ አሉኝ። ጾም ነው ብዬ እሰጣታለሁ።»

«እርስዎ?»

«እኔ። አስተምሪኝ እንጂ፤ እናንት ነጋዴዎች ታውቁበታላችሁ።»

ነጋዴነቴን ሰደቡት፤ እሱንም ዋጥኩት። «በሉ እስቲ ይበሉኝ» አልኳቸው።

ካፖርታቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለተ፣ ይች... ጾም...» ዓይናቸው ጫማቸው ላይ ወደቀ። ጆሯቸው ቀላ።

«ቀና ብለው!»

«ይች ጾም... ናት መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይባልም!»

ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው እንደ ተማሪ ፊቴ ቆመው ሲንተባተቡ ልስቅ ወይ ላለቅስ ቸገረኝ። ሚስትዎ ያውቃሉ ብል ቃሌን ማጠፌ ነው። «ይሂዱ፣ ያምኑዎታል» ብዬ ሞልቼ ሰጠኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ባዶውን ዕቃ ይዘው ተመለሱ። ፊታቸው በርቶ ነበር። «ጠርጋ በላችው!» አሉ ገና ከበሩ። «አመነችኝ! ‹ሸጋ ጾም ነው› ብላ ጠርጋ በላችው!»

«እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። እፎይ፣ ሁለቱም ያሰቡት ሆነላቸው፣ እኔም ተገላገልኩ አልኩ በልቤ።

አያ ዋኘው ግን ዕቃውን በእጃቸው እያዞሩ ቆዩና፣ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ልጄ» አሉ፣ «ለተ እኮ ፊቴን ዐይታ ያላወቀችብኝ ነገር የለም። ዛሬ ጆሮዬ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ምላሴ ተሳስሮ... እንዴት ነው ያመነችኝ? ዓይኗ ሄዷል። ልቧም ሄዷል። አልቆላታል ማለት ነው።» እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

እትዬ ለተ ማርያም የፈሩት ያ ፊት እኔ ሱቅ ውስጥ፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ የምን ቃል ነው?

«አላመኑዎትም!» ብዬ ጮኽኩባቸው። መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ሕንዳዊ መምህር ማንኪያውን ጣለ። «ማን ያምንዎታል? እርጎ መሆኑን ያውቃሉ! ትናንት እኔው ወስጄላቸው በልተዋል። ጾሙ ስለተፈታላቸው እንደ እናትዎ ያለቀላቸው እንዳይመስልዎት ብለው ነው የሚደብቁዎት። ምግብ ቢያገኙ ለመቆም ነው የሚበሉት፤ ለመሞት አይደለም! አሁንስ ሁላችሁም ገደላችሁኝ!»

አያ ዋኘው ዕቃውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ዐውቃ ነው?»

«ዐውቀው ነው።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ማንኪያውን እየላሰች፣ ‹ሸጋ ጾም ነው› ስትለኝ?»

«ሲያሾፉብዎት ነው።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነበር። «ይች ቀጣፊ!» አሉ እንባቸውን በካፖርታቸው እጅጌ እየጠረጉ። «እኔን! ባሏን! ያውም በሁዳዴ!» ብድግ አሉ፤ ባዶውን ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ትተው «ልሂድና ልቆጣት» ብለው ወጡ፤ እየሳቁ ባጃጅ ሲጠሩ እስከ አደባባዩ ድረስ ይሰማኝ ነበር።