እፊቱ ቅመሱለት

ሐይቅ ከተማ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ከሳዑዲ የተመለሰው ሰይድ «መርዝ ሊያበሉኝ ነው» እያለ ምግብ አልቀምስ ብሎ ከስቶ ነበር። የሚውጠው ኪኒን ተሰጠው። እኔም እናቱን፣ «የምትሰጡትን ሁሉ መጀመሪያ እፊቱ ቅመሱለት፤ ያኔ ያምናችኋል» ብዬ መከርኳቸው።

በሁለተኛው ሳምንት እንዴት እንደሆነ ልየው ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ራሱ ሰይድ ነው፤ ፊቱ ወዝቷል፣ ይስቃል። አልሐምዱሊላህ! በምክሬ ኮራሁ፣ ምን ይደረግ። ብቻ አባቱ በጠራራው ቀን መደብ ላይ ተዘርረው ያንኮራፋሉ።

«አባባን አመማቸው እንዴ?» አልኩ።

«ኧረ ደህና ናቸው፣ ሲስተር!» አሉ እናቱ እየሳቁ። «ትናንት እንዲህ የተዘረርኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ኪኒኑን የመቅመስ ተራው የእሳቸው ነው።»