የእትዬ ግራም አዲስ ሚዛን

ዳቦ ጋጋሪዋን የሰፈሩ ሰው «እትዬ ግራም» ይላታል። ስሙ የወጣላት ዱቄቱንና እርሾውን ብቻ ሳይሆን እንቁላሉንም ከነቅርፊቱ ስለምትመዝን ነው። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ባሏ ነገሩን በራሱ ቋንቋ ያስረዳል፦ «ሌላው በግምት ይነዳል፤ የኔዋ ፍጥነት መለኪያዋን ሳታይ ንቅንቅ አትልም።»

ስለዚህ ባለ መርፌው አሮጌ ሚዛን ከመደርደሪያ ወድቆ የተሰበረ ዕለት ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ጊዜውም ክፉ ነበር። መንገዱ ማዕዘን ላይ አዲስ ካፌ የከፈተው ወጣት፣ «ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ትንንሽ ዳቦ ያምጡልኝ፤ ደንበኞቼ ከወደዱት በየቀኑ እወስዳለሁ» ብሏታል። ለጎረቤትና ለዘመድ ስትጋግር ለኖረች ሴት እንዲህ ያለ ደንበኛ እንደ ልብ አይገኝም።

ሰኞ ከሰዓት ሁለቱም መነጽራቸውን አድርገው ሶፋው ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ። በስልክ አዲስ ሚዛን ሊገዙ ነው፤ ስልኩን የያዘው ባል ነው።

«እኔ ጎማ ስገዛ በእግሬ ረገጥ አድርጌ ነው። ይሄን በምን ልርገጠው?»

«ስልኩን ብቻ እንዳትረግጥብኝ።»

«እሺ ስሚ፦ ለኩሽና፣ ለጌጣጌጥ፣ ለፖስታ፣ ለሕፃን...»

«እለፈው። ሁሉን እችላለሁ የሚል ሠራተኛ አይቀጠርም።»

«ይሄኛው አራት ኮከብ ተኩል አለው።»

«ደግሞ ኮከብ ቆጣሪ ሆንክልኝ? የወቀሱትን አንብብልኝ። ያመሰገነው ገና ከካርቶኑ አላወጣውም ይሆናል፤ ያማረረው ግን ሠርቶበታል።»

ባል ወቀሳውን ማንበብ ጀመረ። አንዱ ካርቶኑ ተጨማዶ ደረሰኝ ይላል። አንዷ ቀለሙ ከመጋረጃዬ ጋር አልሄደም ትላለች። እትዬ ግራም ራሷን እየነቀነቀች ሁሉንም አሳለፈች። እሷ የምትፈልገው አምስት ኪሎ የሚችል፣ አንድ ግራም የሚለይ፣ ካልሆነም የሚመለስ ሚዛን ነው፤ ይህኛው ሦስቱንም አሟልቷል።

«እዚህ ደግሞ አንዱ፣ ‹ቅመም ቀስ ብዬ ስጨምር ዜሮ ላይ ይተኛል› ይላል።»

«ምን ማለቱ ነው?»

«እኔ እንጃ! ሰውዬው ራሱ ቀርፋፋ ይሆናል» አለና ባል ሳቀ። እሷም ሳቀች። ገዙት።

ሚዛኑ ሐሙስ ረፋድ ላይ ደረሰ። እትዬ ግራም ዝም ብላ አላመነችውም። ባዶ ጠርሙስ አስቀምጣ ዜሮ አደረገችና በትክክል የተለካ አንድ ሊትር ውሃ ገለበጠችበት፤ አንድ ሺህ ግራም አለ። አንስታ መለሰችው፤ አሁንም አንድ ሺህ። ጠርሙሱን ወደ ሚዛኑ ጥግ ገፋ አደረገችው፤ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። «ጨዋ ነው» አለች።

ከዚያ ለሙከራ ሊጥ ልታቦካ ተነሳች። ጎድጓዳውን ሳህን ከነዱቄቱ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣ ዜሮ አደረገችና ጨው ትነሰንስበት ጀመር። ሙያውን ያስተማረቻት እናቷ፣ «ዱቄት ላይ የወደቀ ጨው አይለቀምም» ትል ስለነበር ጨው ሁልጊዜ በሦስት ጣት፣ በዝግታ ነው። ነሰነሰች፤ ዜሮ። ጨመረች፤ ዜሮ። ዓይኗ በዛ አላት፤ ስክሪኑ ግን ገና ነው አላት። ያን ሁሉ ፈተና ያለፈ ሚዛን ነውና ዓይኗን ትታ ሚዛኑን አመነች።

ዳቦው ወርቅ መስሎ ወጣ። ባል አንድ ጎረሰ። ተነስቶ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ፤ ሌላም ቀዳ።

«ምነው?»

«ምንም። የባሕሩ ጨው አልቆ እንደሆነ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

ቀመሰችውና ፊቷ ጠቆረ። የቅዳሜው ዳቦ እንዲህ ቢወጣ ካፌው ሁለተኛ አያስጠራትም። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ሐሳብ ነበር። «እጄ አርጅቶ ይሆን?» አለች ቀስ ብላ።

«እጅሽን ተይ፤ እስቲ ያደረግሽውን ድገሚው» አለ ባል ወንበር እየሳበ።

ባዶ ሳህን አስቀምጣ ዜሮ አደረገችና መነስነስ ጀመረች። ጨው ኮረብታ ሠራ፤ ስክሪኑ ዜሮ እንዳለ ነው። ጨዉን ወረቀት ላይ ገልብጣ፣ ባዶውን ሳህን እንደገና ዜሮ አድርጋ ባንድ ጊዜ ብትመልሰው አስራ አንድ ግራም አለ።

«ቀርፋፋው!» ብሎ ባል ወደ ስልኩ ሮጠ። ከወቀሳው ሥር ሻጩ የሰጠው መልስ ነበር፦ ሚዛኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚጨመርን ነገር እንደ ነፋስ ንክኪ ቆጥሮ ዜሮ ላይ ይይዘዋል፤ ጨውና ቅመምን በኩባያ አድርገው አንድ ጊዜ ያስቀምጡ። ባል ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፋ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።»

«ሰኞ መልሰው» አለች እትዬ ግራም፤ ፊቷ ፈታ ብሏል። «ቅዳሜን ግን ከኔ ጋር ሠርቶ ይሂድ።»

ዓርብ ሊጡ እስኪነሳ ባል ሌላ ሚዛን ፍለጋ ለሦስት ሻጮች አንድ ጥያቄ ላከ፦ «በሦስት ጣት ቀስ ብሎ የተነሰነሰ ጨው ያያል?» ሁለቱ «ጥራቱ አንደኛ ነው፣ ቶሎ ይዘዙ» አሉ። ሦስተኛዋ፣ «የጠየቁኝ ሚዛን አያይም፤ ከጎኑ ያለው ግን ያያል፣ እኔው ሞክሬዋለሁ» አለች። ከሷ አዘዘ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ግራም ጨዉን በኩባያ መዝና የጋገረችውን ሃያ ዳቦ ካፌው ባንኮኒ ላይ ደረደረች፤ ከዚያም በሩ አጠገብ ቅርጫቷን ታቅፋ ቆመች። ባል ውጭ በመስታወቱ አንገቱን እያሰገገ ያያል። የካፌው ባለቤት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲሮጥ ቆይቶ ባዶ ሳህን ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ ጉድ ሠሩኝ። ለኔ እንኳ ሳይተርፍ አለቀ።»

ከቅርጫቷ ሥር በጨርቅ የጠቀለለችውን አንድ ጎባጣ ዳቦ አወጣች። የባሏ ድርሻ ነበር። «እንካ ልጄ» አለች።

ባል በመስታወቱ ማዶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቀረ። ወጣቱ አፉን ሞልቶ እያኘከ፣ «ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ አርባ» አላት።