የመቶ ሃያ ማይሏ መኪና

ባለፈው ግንቦት ለአጎቴ ለጋሼ ወርቅነህ የአርባ ቀን ተዝካር ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን አውጥቶ ከሹፌሩ ጋር ክርክር ገጠመ። የመኪናው የፍጥነት መቁጠሪያ ሰማንያ ሲል የልጁ ስልክ ሰባ አራት ይላል። «ቆጣሪህ ይዋሻል» አለው። ሹፌሩ ዘወር እንኳ ሳይል «የማይዋሽ ካለህ አምጣና እንቀይር» ብሎ መለሰለት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ግን የጋሼ መኪና ቆጣሪ ትዝ አለኝ።

በእኔ ልጅነት መሐል ሜዳ ውስጥ መኪና ብርቅ ነበር። አንድ መኪና ገበያው ዳር በቆመ ቁጥር ሮጠን ሄደን፣ ግንባራችንን ከመስኮቱ አጣብቀን፣ ቆጣሪው ላይ ያለችውን የመጨረሻ ቁጥር እናነባለን። በእኛ እምነት የመጨረሻዋ ቁጥር ማለት መኪናው የሚሄደው ፍጥነት ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ መቶ ሃያ፣ እህል የሚጭነው አይሱዙ መቶ አርባ፣ የጤና ጽሕፈት ቤቱ መኪና መቶ ሰማንያ። አውቶቡሱ ጠዋት ተነሥቶ ማታ መግባቱ እምነታችንን ቅንጣት አይነካውም። ቢፈልግ ይሄዳል፤ አልፈለገም፤ በቃ።

ጋሼ ወርቅነህ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ኖሮ እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የተመለሰውም በመኪና ነው። ያቺ መኪና! አረንጓዴ፣ ጣራዋ ሸራ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ የማትል፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ የእንግሊዝ የእሽቅድምድም መኪና ነበረች። ጋሼ ሲጠግንላቸው የኖረ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሲገቡ «ከአንተ ሌላ የሚያውቅባት የለም» ብለው ትተውለት ሄዱ። ሆዷ መሬት እንዳይነካ በየጉድጓዱ እየወረደ ድንጋይ እየደለደለ ነው መሐል ሜዳ ያደረሳት። መሪዋ በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ከተማው መጀመሪያ ሲያያት ሹፌር የሌላት መኪና መጣች ብሎ ተንጫጫ። ውስጧ ቆዳና ቤንዚን ይሸታል፤ ዛሬም አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ስከፍት ያ ሽታ ይመጣብኛል።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ሮጬ ያየሁት ቆጣሪዋን ነው። ክብ ነው፣ ጥቁር፣ ነጭ ቀስት ያለው። የመጨረሻዋ ቁጥር መቶ ሃያ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ፤ ከአውቶቡስ እኩል! ጋሼ ሳቀብኝና «ማይል ነው እኮ፣ እሙዬ። ማይል ከኪሎ ሜትር ይረዝማል» አለኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አወራሁት። አስተማሪያችን እትዬ አስካለ ጠመኔ አንሥታ ሰሌዳው ላይ አባዛችና ወደ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር እንደሚጠጋ አሳየችን። ክፍሉ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ሰው ጋሼን መንገድ ላይ እያስቆመ «እውነት መቶ ሃያ ትሄዳለች?» ሲለው «አዎ» ይላል፤ «ማይል ነው ታዲያ!» ማለቱንም አይረሳም። ሳቁና ጨዋታው ሰው የሚወድለት፣ ትንሽ ጉራም የማያጣው ሰው ነበር። ስሙ ራሱ «መቶ ሃያ» ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ እኔን ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መምጣት አበዛ። ቤታችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነበር። እኔን እየጠበቀ የሚያወራው ከእትዬ አስካለ ጋር ነው፤ እኔ ወጥቼ አጠገባቸው ብቆምም ማንም አያየኝም። በመጨረሻ ለአባቷ ሽማግሌ ተላከ።

አስቸጋሪው ነገር አባትየው ነበሩ። ግራዝማች ዘለቀ በንጉሡ ጊዜ ዳኛ ነበሩ፤ ችሎቱ ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ እሳቸው ግን ከወንበራቸው አልወረዱም። ማንም ምንም ቢነግራቸው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» እኛ ልጆች ዝናብ መጣ ብለን ስንሮጥ እንኳ አቁመው ይጠይቁናል። ያላዩትን አየሁ የሚሉ ሰዎች ስንቱን ቤት እንዳፈረሱ ችሎት ላይ ተቀምጠው አይተዋል ይባል ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቴ ስለነበረ የሆነውን ሁሉ እቤት ሲያወራ ሰማሁ። ስለ ዘሩም፣ ስለ ሥራውም፣ ስለ ጠባዩም ተነግሮ ነገሩ ሊያምር ሲል፣ አንደኛው ሽማግሌ ሞቅ አለውና «መቶ ሃያ ማይል የሚሄድ መኪና ያለው ልጅ ነው» አለ። ግራዝማች ቀና አሉ። «አይታችኋል ወይስ ሰምታችኋል?» «ሰምተናል» አሉ። «ባለቤቱስ አይቷል?» ይህን የሚያውቅ አልተገኘም። «እንግዲያውስ ያላየውን አየሁ ለሚል ሰው ልጄን አልሰጥም። ያሳየኝና መልስ እሰጣለሁ» ብለው ሸኟቸው። እናቴ ራሷን ይዛ «በመኪና ፍጥነት ሚስት የሚከለከል በማን አገር ነው?» አለች። ጋሼ ግን አልሳቀም። እራቱንም አልበላም።

ማሳየት ደግሞ ቀላል አልነበረም። ያቺ መኪና በእኛ መንገድ ከሁለተኛ ማርሽ ወጥታ አታውቅም። በዚያው ሰሞን ግን የመንገድ ሥራ ግሬደር ወደ ጓሳ የሚወስደውን መንገድ ጠርጎት ነበርና ቀኑ ተቆረጠ። ግራዝማች ምስክር ያስፈልጋል አሉ። ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት መኪና ምስክር ከየት ታመጣለች? ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ልጅ ካልሆነ የማይገባበት ጠባብ ቦታ ነበርና ምስክርነቱ ለእኔ ደረሰኝ። ግራዝማች ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው በግራ በኩል ተቀመጡ፤ በሌላ መኪና የሹፌር ቦታ በሚሆነው ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ «ግራዝማች ሊነዱ ነው!» እያሉ በጩኸት እስከ ከተማው ዳር ሸኙን።

ጓሳ ስንደርስ ሜዳው ተከፈተ። ሣሩ ላይ የሌሊቱ ውርጭ ገና አልለቀቀም፤ ንፋሱ በሸራው ቀዳዳ እየገባ ጆሮዬን ይቆርጠዋል። ጋሼ ማርሽ ቀየረ፣ ነዳጁን ረገጠ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በጋሼ ትከሻ ላይ አንገቴን አስግጌ ቀስቷን አያለሁ። ሃምሳ አለፈች፣ ስልሳ አለፈች፣ ሰባ ላይ ስትደርስ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከኋላችን ጥቁር ጭስ ይወጣል። «ሂጂ፣ ሂጂ» እያልኩ በልቤ ለመንኳት፤ እትዬ አስካለ አክስቴ እንድትሆን የቀሩት ቁጥሮች መሞላት ነበረባቸው። ቀስቷ ግን ከሰባ ፈቅ አላለችም። እንዲያውም ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰች።

ጋሼ እግሩን አነሣ። መኪናዋን ቀስ አድርጎ መንገዱ ዳር አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

«አትሄድም፣ ግራዝማች» አለ። «እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን ማመካኛ አላደርገውም፤ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ፣ በሜዳው፣ እኔና እንግሊዛዊው ሽማግሌ ሞክረናት እንኳ መቶም አልደረሰች። ቆጣሪው ራሱ ጨምሮ ነው የሚናገረው፤ ሽማግሌው በሰዓት ይዘው አሳይተውኛል። መቶ ሃያ መስታወቱ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። ሰው አንብቦ ሲጠይቀኝ አንድ ቀን አዎ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።»

ግራዝማች «መነጽሬን እቤት ረስቼ ነው የመጣሁት» አሉ። «ያቺ ቀስት የት እንደቆመች አላየሁም። መቶ ሃያ ገባ ብትለኝ አምንህ ነበር።»

«መነጽር እንዳላደረጉ ከቤትዎ ሲወጡ ጀምሮ አይቻለሁ» አለ ጋሼ።

ግራዝማች ዘወር ብለው አዩት። ቀጥለው እኔን አዩኝ። ያን ጊዜ በጣም ስለ ፈራሁ ፊታቸው ላይ ምን እንደነበረ ልናገር አልችልም። «እዚህ የተባለ እዚህ ይቅር» አሉ። «ለማንም። አንቺም ልጅ ሰምተሻል?» ሰምቻለሁ አልኳቸው። «በል ንዳ።»

መሐል ሜዳ ስንመለስ ገበያተኛው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይጠብቀናል። ገና መኪናዋ ሳትቆም «ስንት ሄደች? ስንት ሄደች?» ይላል። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ አፉን ሊከፍት ሲል ግራዝማች በሩን ከፍተው ወረዱ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «የተባለውን ሄዳለች» አሉ። «አይቻለሁ።» ግራዝማች አየሁ ካሉ ማን ይከራከራል? እልልታው ቀለጠ። በጥር ሰርጉ ሆነ፤ እኔም አበባ ያዥ ሆኜ ሙሽሮቹን ከፊት ከፊት እየመራሁ ሄድኩ። ልጆች ሲያፋጥጡኝ «ግራዝማችን ጠይቁ» እያልኩ አመለጥኩ።

ጋሼ ካገባ በኋላ ጉራውን ተወ። ለጠየቀው ሁሉ «መቶ ሃያ ሄዳ አታውቅም» ይል ነበር፤ ሰው ግን ትሕትና እየመሰለው ይበልጥ ወደደው። መኪናዋ ውላ አድራ ጎማዋም ሸራዋም አለቀ፣ እቃ የሚገኝላት አልሆነችም፤ ዶሮዎች ሲፈለፈሉባት ቆይታ ብረቷ ለአንጥረኛ ሄደ። ግራዝማችም አረፉ። ዘንድሮ ደግሞ ጋሼ።

የአርባው ተዝካር ሰው ምሳ በልቶ ከተበተነ በኋላ እኔና እትዬ አስካለ ድንኳኑ ውስጥ ብቻችንን ቀረን። ጡረታ ወጥታለች፤ ሽበቷ በጥቁር ሻሿ ሥር ይታያል።

«አባባ እኔን ሊድሩ ሲደግሱ፣ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሰግዱ ነበር» አለች ድንገት። «የንስሐ አባታቸው ቀኖና ሰጥተዋቸው ነው። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጉልበት! ምን በድለው እንደሆነ እናቴም አላወቀች። እሳቸው ግንባራቸው አፈር ይዞ ሲመለሱ እኔ የሰርግ ቀሚስ እለካለሁ።»

ሻሿን አስተካክላ ቀጠለች።

«ወርቅነህ ኋላ መኪናዋ መቶ ሃያ እንዳልሄደች ሲናገር ማንም አላመነውም፤ እኔ ግን አመንኩት። ያኔ ገባኝ። አባባን አታሎ ነው የወሰደኝ። እሳቸውም ነቅተውበት፣ የሰጡትን ቃል ማጠፍ አቅቷቸው፣ ልጃቸውን ለዋሾ በመዳራቸው ነው የሰገዱት ብዬ ደመደምኩ። ስንት ዓመት ስኖር አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ጠይቄው አዎ ቢለኝ እንዴት አብሬው እውላለሁ?»

የዚያ ቀን ትእዛዝ አሁንም ከብዶኝ ነበር። ሁለቱም ሞተዋል ብዬ ራሴን አደፋፈርኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀስቷን፣ መነጽሩን፣ ጋሼ ያለውን፣ አባቷ የመለሱትን። ግራዝማች የሰገዱት በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያላዩትን አየሁ ስላሉ መሆኑን፣ አየሁ ያሉትም እውነቱን በነገራቸው ሰው ላይ አገር እንዳይስቅ ብለው መሆኑን፣ እሷ ከእኔ ቀድማ ተረዳችው። እጇ አፏ ላይ ቀረ።

የእኔ ትውልድ ሰው ስንገናኝ የድሮን ጊዜ ማመስገን እንወዳለን። ያኔ ሰው የሰማውን ይዞ ይቀመጣል፣ የወንድሙን ገበና ይሸፍናል፤ ዛሬ ሁሉ ነገር በስልክ ይለካል፣ ውሎ ሳያድር ይነገራል እንላለን። እኔም ስለው ኖሬያለሁ፤ ያን የግራዝማችን ቃል ባሰብኩት ቁጥር አሁንም ልቤ ይሞቃል። እትዬ አስካለን አጠገቤ ተቀምጣ ሳያት ግን፣ ያ መልካም ዝምታ በማን ትከሻ ላይ እንደኖረ አየሁ።

«ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ ነበረበት። «ሁለቱም። አንቺም።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ወንበሯንም ወደ እኔ አስጠጋች።

«እስቲ ሞተሩን ካጠፋበት ጀምረሽ እንደገና ንገሪኝ» አለችኝ።